መኪናችሁ ደጅ ነው የሚያድረው? ከፀሐይ፣ ከዝናብ፣ ከበረዶና ከነፋስ እንዴት ትጠብቁታላችሁ?

ኮንዶሚኒየም ግቢ፣ አጥር ጥግ፣ ሰፈር ውስጥ መንገድ ዳር፣ ዘበኛ ያለበት ባዶ ቦታ። አዲስ አበባ ላይ ብዙ መኪና የሚያድረው እንዲህ ነው። ጣሪያ የለውም። መኪና ደግሞ ለብዙ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ንብረት ነው፤ ቤት ለሌለው ደግሞ አንደኛው።

መጀመሪያ የኔን ልንገራችሁ። እህቴ አረብ ሀገር 7 ዓመት ሰርታ ለታላቅ ወንድማችን አንዲት ቪትዝ ገዛችለት። ሰርቶባት ቤተሰብ እንዲረዳ ነው። በዛው ዓመት ሰኔ ላይ ወንድሜ እግሩ ተሰበረና ተኛ። መኪናዋም ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ቆመች። ያለበስኳት እኔ ነኝ። ሰማያዊ ላስቲክ ገዛሁ፣ በሲባጎ ጠፍሬ አሰርኳት፣ ነፋስ እንዳያነሳው ብዬ ጣሪያዋ ላይ ድንጋይ ጫንኩ። በደንብ የጠበቅኳት መስሎኝ ነበር።

መስከረም ላይ ስንገልጣት ጣሪያዋ ነጭ ደመና የመሰለ ነገር ለብሷል። ኮፈኗ ላይ ሲባጎው የፈተገው መስመር ተሰምሯል። በሯን ስንከፍት የሻገተ ሽታ ፊታችንን መታን። ባትሪው ሞቷል፣ የኋላ ፍሬኗ ይዟል፣ ከኮፈን ስር ደግሞ አይጥ ሽቦ በልታለች። በአራት ወር ውስጥ ማለት ነው፤ ማንም ሳይነዳት።

ከዛ በኋላ ጋራዥ ውስጥ፣ ቀለም ቤት ውስጥ፣ ከሹፌሮችና ከባትሪ ሰሪዎች ጋር ስጠይቅ፣ ሳነብ ከረምኩ። ይህን ፅሁፍ ያዘጋጀሁት እናንተ የኔን ስህተት እንዳትደግሙት ነው። ረዘም ይላል፤ ሴቭ አድርጋችሁ ያዙትና የሚመለከታችሁን ክፍል ብቻ ማንበብ ትችላላችሁ።

📌 1. ደጅ ያለን መኪና የሚጎዳው ምንድን ነው?

▪️ ፀሐይ

"አዲስ አበባ እኮ ቀዝቃዛ ናት" እንላለን። ቅዝቃዜው አያታልላችሁ። ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍ ባልን ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ሳይሞቅ ጨረሩ ግን ይቀቅላል።

የመኪና ቀለም አንድ ንብርብር አይደለም። ከታች ላሜራውን የሚይዘው መሰረት፣ ከዛ ቀለሙ፣ ከላይ ደግሞ እንደ መስታወት የሚያበራው ግልፅ ሽፋን አለ። ይህ ግልፅ ሽፋን ውፍረቱ ከአንድ የፀጉር ዘንግ ያንሳል። ፀሐይ ቀስ በቀስ የምትበላው እሱን ነው። ጣሪያና ኮፈን ላይ ቀለም ሲላላጥ የምታዩት እሱ ስላለቀ ነው። ፀሐይ የበር ጎማዎችን ታደርቃለች፣ ዳሽቦርድ ትሰነጥቃለች፣ የፊት መብራት ፕላስቲክን ታቢጫለች።

▪️ ዝናብና እርጥበት

ንፁህ መኪና ላይ የሚወርድ ዝናብ በራሱ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ገብቶ የሚቀር ውሃ ነው። ጭቃ ውስጥ የተያዘ፣ ምንጣፍ ስር የገባ፣ ላስቲክ ስር የታፈነ። ዝገት የሚጀምረው እዛ ነው። ቀለም የተጫረበት ወይም ጠጠር የመታው ቦታ ካለ ደግሞ በር ተከፍቶለታል ማለት ነው።

▪️ ነፋስና አቧራ

ነፋስ ብቻውን ቀለም አይፍቅም። አቧራ ሲይዝ ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ከሁሉም የከፋው ያልታጠበ መኪና ላይ ልል ሸራ ጥላችሁ ነፋስ ሲያርገበግበው ነው። ይህ ዋናው ጉዳይ ስለሆነ በኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ።

▪️ በረዶ

በክረምትም በበልግም ይወርዳል። ትንንሹ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ተለቅ ያለው ግን ጣሪያና ኮፈን ያጎደጉዳል፣ መስታወት ይሰብራል።

▪️ ዛፍና ወፍ

የወፍ ኩስ አሲድነት አለው። ፀሐይ ላይ ከደረቀ ቀለሙ ላይ ምልክቱን ትቶ ይሄዳል። የዛፍ ሙጫም እንደዛው። ቅጠል ደግሞ የውሃ መውረጃ ይደፍናል።

📌 2. ከሸራ በፊት ቦታ

ጥሩ ቦታ ያገኘ ሰው ግማሹን ስራ ጨርሷል። ስትመርጡ እነዚህን አስተውሉ፦

ከምዕራብ በኩል ግድግዳ ያለበት ቦታ ጥሩ ነው። የከሰዓት ፀሐይ ላይ ጥላ ይሰጣል።

ሳርና አፈር ላይ አታቁሙ፣ ቢያንስ ለረጅም ጊዜ። እርጥበቱ ከስር ወደ መኪናው ይነሳል። ሲሚንቶ፣ ኮብል ስቶን ወይም ጠጠር ይሻላል። አማራጭ ከሌለ ከየጎማው ስር ጣውላ አድርጉ።

ያረጀ ባህር ዛፍ ስር ጥላ አለ ብላችሁ አትግቡ። ቅርንጫፉ ነፋስ ላይ ይገነጠላል። በተለይ ክረምት ላይ አፈሩ ሲረጥብ ዛፉ ራሱ ከስሩ ሊነቀል ይችላል።

ቀና ብላችሁ እዩ። አጠገባችሁ ያለው ቤት ጣሪያ ቆርቆሮው በምስማር ተመቷል ወይስ ድንጋይና አሮጌ ጎማ ነው የተጫነበት? ድንጋይ ከሆነ፣ ነፋሱ ሲመጣ ቆርቆሮውም ድንጋዩም የት እንደሚያርፍ አስቡት። ግንባታ ስርም እንደዛው ነው፤ ልል ጣውላና ስካፎልዲንግ ካለ ራቁ።

ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው? ዝናብ ሲዘንብ አንድ ቀን ወጥታችሁ እዩ። ዝቅ ያለ ቦታ፣ የተደፈነ ቦይ አጠገብና ወንዝ ዳር ክረምት ላይ ማቆሚያ አይደለም።

📌 3. የመኪና ልብስ፦ የቱ ልብስ ነው፣ የቱ ወጥመድ ነው?

ሰማያዊውን ላስቲክ እንርሳው። ውሃ አያስገባም፣ ትክክል ነው። ግን አያስወጣምም። ቀን ላይ ፀሐይ ስታገኘው ከመሬትና ከመኪናው የተነሳው እርጥበት ከስሩ ይታፈናል። ማታ ሲበርድ ጠብታ ሆኖ ቀለሙ ላይ ይተኛል። በማግስቱ ይሞቃል፣ ማታ ይበርዳል። ለአራት ወር በየቀኑ ይሄ ሲደጋገም የእህቴ መኪና ጣሪያ ላይ ያያችሁት ነጭ ደመና ይመጣል። ከዝናብ ጠበቅኳት ብዬ በእንፋሎት ስቀቅላት ነበር የከረምኩት።

ጥሩ ልብስ ሦስት ነገር ያሟላል፦

አንደኛ፣ ይተነፍሳል። ጨርቁ ዝናብ ይከላከላል፣ የውስጡን እርጥበት ግን ያስወጣል። ሱቅ ውስጥ መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ጨርቁን አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እፍ በሉበት። ትንሽም አየር የማያሳልፍ ከሆነ ላስቲክ ሊሆን ስለሚችል ተጠራጠሩት፣ ስሙ ምንም ይሁን።

ሁለተኛ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ቀለም የሚነካው ጎን የጥጥ ወይም የተነጨ ለስላሳ ጨርቅ ይሁን። ደረቅና የሚሻክር ከሆነ ተዉት።

ሦስተኛ፣ ልክ ነው። ይሄ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። "ተለቅ ያለ ይሻላል" ተብሎ ለቪትዝ የፒካፕ ልብስ ይገዛል። ትርፉ ጨርቅ የነፋስ መጫወቻ ነው። የመኪናችሁን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ለክታችሁ ሂዱ። ስፖኪዮ የሚገባበት ኪስ ያለው ቢሆን ደግሞ ጥሩ ይይዛል።

ቀለሙ ነጣ ያለ ወይም ብርማ ይሁን። ጥቁር ልብስ ሙቀት ይሰበስባል።

እና አንድ ህግ፦ ያልታጠበ መኪና ላይ ልብስ አይለበስም። አቧራው ሸራውና ቀለሙ መሀል ገብቶ ስትጎትቱት ይፍቃል። ሲገለጥም ከመሬት ጋር እንዳይጎተት ከላይ ወደ መሀል እያጠፋችሁ አንሱት። መሬት የነካው ጎን ነገ ቀለሙን ነው የሚነካው።

ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ባለ ቀን ገልጣችሁ አድርቁት፣ መኪናዋንም አናፍሷት። ልብስ ለብሳ ወር ሙሉ የማትታይ መኪና ጥበቃ ላይ አይደለችም፤ ተረስታለች።

📌 4. ነፋሱን እንዴት ነው የምናስረው?

አንድ ነገር ልብ በሉ። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ጉልበት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ዝም ያለው ሸራ፣ 60 ሲሆን አራት እጥፍ ይጎተታል። "ትናንት አልተነሳም" ማስረጃ አይሆንም ማለት ነው።

ሸራ የሚነሳው ነፋስ ከስሩ ሲገባ ነው። አንዴ ከገባ ሸራው ይነፋል፣ ይርገበገባል፣ ቀለሙን ይደበድባል። ስለዚህ ስራው ሸራውን ከላይ መጫን ሳይሆን ከስር መዝጋት ነው።

✅ ከፊትና ከኋላ፦ ልብሱ ጫፉ ላይ የሚለጠጥ ላስቲክ ይኑረው፤ ከፓራውልቱ ስር ገብቶ ይያዝ።

✅ ከመሀል፦ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በመኪናዋ ሆድ ስር የሚያልፍ ማሰሪያ። ጠፍጣፋ ቀበቶ መሳይ ይሻላል። ሁለት ቦታ ቢሆን፣ ከፊት በር ስርና ከኋላ በር ስር፣ ለአዲስ አበባ ነፋስ በቂ ነው።

✅ የሚለጠጥ ማሰሪያ ከሌላችሁ ያረጀ የውስጥ ጎማ በረጅሙ ቆርጣችሁ ተጠቀሙ። ይለጠጣል፣ ቀለም አይፍቅም፣ ጎሚስታ ቤት ይገኛል።

❌ ከላይ በሲባጎ መጠፈር የለም። ሲባጎው በነፋስ ሲንቀጠቀጥ እንደ መጋዝ ይሰራል። ኮፈኗ ላይ ያለው መስመር የመጣው ከዚህ ነው።

❌ የብረት መንጠቆ ላሜራ ላይ፣ ፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ አይሰካም።

❌ ድንጋይ የለም። ድንጋይ ነፋሱን ለጊዜው ይይዛል፤ ሸራው የተነሳ ቀን ግን ድንጋዩ የፊት መስታወቱ ላይ ነው የሚያርፈው።

ማሰሪያ ከሌላችሁና ቀኑ ነፋሻማ ከሆነ፣ ልል ልብስ ከማልበስ ራቁቷን ትሁን። ዝናብ ያጠጣት መኪና ትደርቃለች፣ የተፈተገ ቀለም ግን አይመለስም።

የማስጠንቀቂያ ምልክትም እወቁ። ከሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ከነፈሰ፣ ከደመናው የወረደ አየር ነው። ዝናቡና በረዶው ብዙ ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚቀሩት። መስኮት መዝጋት፣ ማሰሪያ ማጥበቅ ያኔ ነው።

📌 5. በረዶ ሊወርድ ነው፣ ምን ላድርግ?

እውነቱን ለመናገር ስስ ልብስ ከትልቅ በረዶ አያድንም። የሚያድነው ጣሪያ ወይም ወፍራም ነገር ነው።

ጊዜ ካላችሁ ወደ ነዳጅ ማደያ፣ የገበያ ማዕከል ምድር ቤት ወይም ሌላ ጣሪያ ያለው ቦታ ውሰዷት።

ጊዜ ከሌለ ልብሱ ላይ ብርድ ልብስ፣ ስስ የስፖንጅ ፍራሽ ወይም ካርቶን ደርባችሁ እሰሩ። ቅድሚያ ለኮፈን፣ ለጣሪያና ለኋላ መስታወት። በረዶው እንዳቆመ ወዲያው አንሱት፤ ውሃ የጠጣ ፍራሽ ቀለም ላይ ማደር የለበትም።

በረዶው ከጀመረ ግን ቤት ግቡ። መብረቅም አለ። ለላሜራ ብላችሁ ራሳችሁን አታስመቱ።

እየነዳችሁ ከያዛችሁ ቀስ ብላችሁ መንገድ ልቀቁና ፊታችሁን ወደሚመጣበት አቅጣጫ አድርጋችሁ ቁሙ። የፊት መስታወት ሁለት መስታወት መሀሉ ላይ ስስ ፕላስቲክ ያለበት ነው፤ ቢሰነጠቅም አይበተንም። የጎንና የኋላው ግን አንዴ ከተመታ እንደ ጨው ይፈረፈራል።

📌 6. ውሃ ከገባባትስ?

የቆመች መኪና ጎርፍ ካገኛትና ውሃው በሯ ጋ ከደረሰ፣ አታስነሷት። ቁልፍም አታዙሩ። ሞተር አየር ይጨምቃል፤ ውሃ ግን አይጨመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ገብቶ ሞተሩ ከተነሳ ውስጡ ያለው ብረት ይጣመማል። ቁልፍ ሳትነኩ በጥሩ ገንዘብ የምትጠገን መኪና፣ በአንድ ቁልፍ ሞተር የሚቀየርላት ትሆናለች።

ባትሪ መንቀል ከቻላችሁ ንቀሉ፣ በገመድ አስጎትቱና መካኒክ ይይ። የሞተር ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከታየ ውሃ ገብቷል ማለት ነው።

ሳይጎርፍም ውሃ የሚገባበት ሌላ መንገድ አለ። ከፊት መስታወቱ ስር፣ የዝናብ መጥረጊያው ባለበት፣ ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ አለ። ቅጠል ከደፈነው ውሃው ወደ ውስጥ፣ እግራችሁ ጋ ይመጣል። በሮች ስርም ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ሰኔ ሳይገባ ቅጠሉን ልቀሙ፣ ቀዳዳውን በስስ ፕላስቲክ ክፈቱ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ስራ ነው።

📌 7. መጠለያ መስራት ለምትችሉ

ግቢ ያላችሁ ሰዎች ቀላሉ ነገር አራት ቋሚና ቆርቆሮ ነው። ብቻ መጠለያ ለነፋስ ክንፍ ነው። ግድግዳ የሌለው ጣሪያ ከስር ይገፋል፣ ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ቋሚዎቹ ሲሚንቶ ውስጥ ይቀበሩ፣ ቆርቆሮው በምስማር ብቻ ሳይሆን በብሎን ይያዝ፣ ጣሪያው ትንሽ ተዳፋት ይኑረው፣ ውሃው ደግሞ ጎረቤት ላይ ሳይሆን ቦይ ውስጥ ይውረድ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ማህበሩን ሳታናግሩ አትስሩ፤ ፈርሶ ወጪው በእናንተ ላይ ይቀራል።

ቆርቆሮ ካልቻላችሁ የጥላ መረብ አለ፤ የአበባና የችግኝ እርሻዎች ላይ የምታዩት ዓይነት። ዝናብ አያቆምም። ግን ፀሐዩን ይቀንሳል፣ የበረዶውን ምት ያለዝባል፣ ነፋስም ስለሚያሳልፍ ቶሎ አይነቀልም።

📌 8. ለወራት የምታቆሙ ከሆነ

ውጭ ሀገር ልትሄዱ ነው? ታማችኋል? ነዳጅ ወይም ስራ የለም? በቅደም ተከተል ይሄን አድርጉ።

ማጠብና ሰም መቀባት። ከስር ያለው ጭቃም ይታጠብ። ውስጧም ይጠረግ፤ የብስኩት ፍርፋሪ የአይጥ ግብዣ ነው። ከታጠበች በኋላ በደንብ ትድረቅ።

ባትሪ። የቆመች መኪናም ሰዓቷና አላርሟ ባትሪ ይበላሉ። መጀመሪያ ጥቁሩን (ነጌቲቩን) ንቀሉ፣ ስትመልሱ ቀዩን አስቀድማችሁ ጥቁሩን መጨረሻ ላይ። ሙሉ የሆነ ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ነው። ከ12.4 በታች ከወረደ ቻርጅ ይፈልጋል። ባዶውን ለወራት የተቀመጠ ባትሪ ብዙ ጊዜ አይመለስም። አላርምና ሬዲዮ ኮድ ካላችሁ ሳትነቅሉ በፊት ኮዱን ያዙ።

"በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ አስነሳታለሁ" የሚለው አይሰራም። አምስት ደቂቃ ባትሪውን በደንብ አይሞላም፤ ጭስ ማውጫው ውስጥም ውሃ ይሰበስባል። የሚነዳት ሰው ካለ በየሁለት ሳምንቱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በእውነት ትነዳ።

የእጅ ፍሬን። ክረምቱን ሙሉ ተስቦ ከቆየ የኋላው ሸራ ይጣበቃል። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ማርሽ ውስጥ አስገቡ (አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ)፣ ጎማዎቹን በታኮ ደግፉ፣ ከዛ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ተዳፋት ላይ ግን ይሄን አታድርጉ።

ጎማ። በር ላይ ባለው ምልክት መሰረት ሙሉ ንፋስ ሙሉ። በወር አንዴ ትንሽ ገፋ አድርጓት፣ አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ እንዳይደፈጥጥ። ጎማው ጎን ላይ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር የተመረተበትን ጊዜ ይናገራል፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት። ጥርሱ ቢኖርም ፀሐይ ጎኑን ከሰነጠቀው አትመኑት።

ነዳጅ። ወደ ሙሉ ይጠጋ። ባዶ ታንከር ውስጥ ያለው አየር እርጥበት ይዞ ይመጣል። ቤንዚን ደግሞ ለብዙ ወር ሲቀመጥ ጉልበቱ ይወርዳል።

አይጥ። በየሁለት ሳምንቱ ኮፈን ክፈቱ። የአየር ማጣሪያው ሳጥን ውስጥም እዩ፤ ጎጆ የሚሰሩት እዛ ነው። ከማስነሳታችሁ በፊት ኮፈኑን መታ መታ አድርጉ፣ ሙቀት ፈልጋ የተኛች ድመት ልትኖር ትችላለች።

አየር። ደረቅ ቀን ላይ አራቱንም በር ግማሽ ሰዓት ክፈቱ። ምንጣፉን አንስታችሁ በእጃችሁ ዳስሱ። ከረጠበ አውጥታችሁ አድርቁት።

አደራ። ውጭ ሀገር ያላችሁ ደግሞ "እዩልኝ" ብቻ አትበሉ። ይሄን ዝርዝር ላኩና በወር አንዴ ቪዲዮ ጠይቁ። ጣሪያው ይታይ፣ ጎማው ይታይ፣ ኮፈን ተከፍቶ ይታይ።

📌 9. የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ

በ2016 ዓ.ም. መንግስት በነዳጅ የሚሰሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በየግቢው የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ከላይ ያለው ሁሉ ለነሱም ይሰራል። ተጨማሪው ይሄ ነው፦

ለሳምንታት ስታቆሙ ትልቁን ባትሪ 100 ላይም ዜሮ አካባቢም አትተዉት። 50 በመቶ ገደማ ጥሩ ነው።

እነሱም ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። እሱ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናዋ አትነቃም።

የቻርጅ መሰኪያው ክዳን በደንብ ይዘጋ። ዝናብ ላይ የተላጠ ገመድና መሬት ላይ የተጋደመ ማከፋፈያ ተጠቅማችሁ ቻርጅ አታድርጉ።

ጎርፍ ከገባባት አትንኳት፣ ቻርጅም አታድርጓት። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያውቅ ባለሙያ ጥሩ።

📌 10. ኢንሹራንሱ ይከፍላል?

ሁላችንም ያለን የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። ግን ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የሚክሰው እናንተ የጎዳችሁትን ሰውና ንብረት ነው። በረዶ የናንተን ጣሪያ ቢያጎደጉድ፣ ጎርፍ ሞተራችሁን ቢበላ፣ ሦስተኛ ወገን ምንም አይልም።

ሙሉ መድን ያላችሁም ፖሊሲውን አንብቡ። ጎርፍ፣ በረዶ፣ ማዕበል፣ የዛፍ መውደቅ በስም ተፅፈዋል ወይስ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ? ከሰኔ በፊት ጠይቁ። አደጋ ከደረሰ ሳታጥቡና ሳታስጠግኑ መጀመሪያ በስልካችሁ አንሱት፦ መኪናውን ከአራቱም ጎን፣ ታርጋውን፣ የወደቀውን ነገር። ከዛ ሳትዘገዩ አሳውቁ።

📌 11. ሳናውቅ የምናበላሽባቸው ልማዶች

ጠዋት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ። ቀለም ላይ ሸክላ እንደመፈተግ ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዛ ጨርቅ።

በአንድ ባልዲ ጭቃ ውሃ አምስት መኪና ማጠብ። ሳንቲም አተረፍን ብለን ጭረት እንገዛለን። የራሳችሁን ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ።

በዱቄት ሳሙና ደጋግሞ ማጠብ። ሰሙን ይዞት ይሄዳል። የመኪና ሻምፖ ይሻላል። ሰም በየሁለት ሦስት ወሩ ይደገም።

እጥበትና ግራሶ ቤት ናፍጣ ማስረጨት። ለጊዜው ያብረቀርቃል፤ የጎማ ዘር የሆነውን ሁሉ ግን ይበላል፣ አቧራም ይስባል።

የወፍ ኩስ በጥፍር መፋቅ። እርጥብ ጨርቅ አስር ደቂቃ አስተኙበት፣ ራሱ ይለቃል።

ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ ላይተርና ስፕሬይ ዳሽቦርድ ላይ መተው። የተዘጋ መኪና ፀሐይ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውጩ አየር ከ20 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ልጅ መተውማ አይታሰብም።

📌 12. በወቅት የተከፋፈለ አጭር ዝርዝር

ግንቦት (ክረምት ሳይገባ)፦ የውሃ መውረጃ ማፅዳት፣ የበር ጎማ ማየት፣ የዝናብ መጥረጊያ መቀየር፣ የተጫረ ቦታ ቀለም ማስነካት፣ ሰም፣ የመድን ፖሊሲ ማንበብ።

ከሰኔ እስከ መስከረም፦ ከዝቅተኛ ቦታ መራቅ፣ ፀሐይ ባለ ቀን ገልጦ ማናፈስ፣ ምንጣፍ መዳሰስ፣ ከስር ያለውን ጭቃ ማጠብ።

ከጥቅምት እስከ ጥር፦ ለአቧራና ለደረቅ ነፋስ ማሰሪያ ማጥበቅ፣ ባትሪ መለካት (በህዳርና ታህሳስ ብርድ ጠዋት አልነሳም የምትለው ደካማ ባትሪ ናት)፣ የፊት መስታወት መከለያ መጠቀም።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፦ ፀሐዩ ይበረታል፣ የበልግ በረዶም ድንገት ይመጣል። ጥላ፣ ወፍራም መደረቢያ ቅርብ።

ወደ እህቴ መኪና ልመለስ። ባትሪ ተቀየረ፣ ሽቦው ተቀጠለ፣ ፍሬኑ ተፈታ። ወንድሜ አሁን ይሰራባታል። የጣሪያው ቀለም ግን እንደዛው ነው፤ ለሱ የሚሆን ገንዘብ ገና አልተገኘም። እህቴ በቪዲዮ ስትደውል "እስኪ መኪናዬን አሳዩኝ" ትላለች። ሁሌም ከጎን ነው የምናሳያት። ጣሪያውን አሳይተናት አናውቅም።

ዘንድሮ ለገና ትመጣለች። በሯን ከፍታ ከመግባቷ በፊት እኔ እነግራታለሁ።

ይህ ፅሁፍ መኪናው ደጅ ለሚያድር ወዳጃችሁ ይጠቅማል ብላችሁ ካሰባችሁ አካፍሉት። ሰኔ ሳይገባ ቢደርሰው ይሻላል።